ለስቶክሆልሙ የፓም አምቡላንስ ሠራተኞች፣ እግዜር ይስጥልን

ስቶክሆልም ለምትኖሩ ወገኖቼ በሙሉ። ቤታችሁ ውስጥ «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ሰው ካለ ይህቺን ሳታነቡ አትለፉ። ምስጋናዬ ፓም ለሚባለው የአእምሮ ጤና አምቡላንስ ሠራተኞች ነው። ብድራችሁን እሱ ይክፈላችሁ።

ፓም ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከውጭ ሲያዩት እንደ ማንኛውም ቢጫ አምቡላንስ ነው፤ ውስጡ ግን በአልጋ ፋንታ ቁጭ ብሎ የሚወራበት መቀመጫ አለው። የሚመጡት ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶች፣ አንዱ የአምቡላንስ ባለሙያ። በፊት እንዲህ ላለ ጥሪ ብዙ ጊዜ የሚላከው ፖሊስ ነበር። የታመመ ሰው እንደ ወንጀለኛ በፖሊስ መኪና ተወስዶ ጎረቤት በመስኮት ካየው፣ ያ ቤተሰብ ሁለተኛ አይደውልም። ፓም በመጀመሪያ ዓመቱ ብቻ ከ1200 በላይ ጥሪዎች ላይ ደርሷል።

ሌላ ቦታ የሚደረገውን ሳስብ ግን ያንገበግበኛል። ስም አልጠራም። «ወር ቆይቶ ደብዳቤ ይደርስሃል» ተብሎ የተመለሰ ሰው አለ። የ11 ዓመት ልጅ ለእናቷ እንድታስተረጉም የተደረገበት ክፍል አለ። እናት በልጇ አንደበት «ሞት ተመኘሁ» ልትል ነው? «ደህና ነኝ» ትላለች፣ መዝገቡም ላይ ደህና ናት ተብሎ ይጻፋል። «ልቤን አሞኛል» ያለች ሴት የልብ ምርመራ ተደርጎላት፣ ልብሽ ጤነኛ ነው ተብላ ተሸኝታለች። የእኛ ሰው ራሴን ላጠፋ ነው ብሎ አፍ አውጥቶ አይናገርም። «በቃኝ» ይላል፤ «ምነው ባልነጋ» ይላል፤ «አንዴ በወሰደኝና ባረፍኩ» ይላል። ቃል በቃል ሲተረጎም አደጋው እዚያው ይቀራል።

የአንዲት የፓም ነርስ ነገር የማልረሳው ለዚህ ነው። ቢጫ ጃኬቷን አወለቀች፤ የትከሻዋን ሬዲዮ ድምፅ ቀነሰች፤ ኩሽና ውስጥ ከአንዲት እናት አጠገብ ዝቅ ያለች በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ የአማርኛ አስተርጓሚ አስገባች። እትዬ «በቃኝ ልጄ» አሉ። አስተርጓሚው እንደ ወረደ ተረጎመው። ሌላ ቢሆን ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፍ ነበር። እሷ «ምኑ ነው የበቃዎት?» ብላ ጠበቀች። ዝምታው ረዘመ፤ አልቸኮለችም። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀይር «ራስዎን ስለማጥፋት አስበዋል?» አለቻቸው። እትዬ ቀና ብለው አዩዋትና «አዎ» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ይህን ጥያቄ አትፍሩት። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት አያስገባም፤ ለብቻ የተሸከሙትን ያስተነፍሳል። ነርሷ በዚያ አላቆመችም፤ መቼ ነው ያሰቡት፣ እንዴት፣ ከዚህ በፊት ሞክረው ያውቃሉ፣ እስከ ዛሬ ያቆየዎት ምንድን ነው ብላ አንድ በአንድ ጠየቀች። ሞትን መመኘትና ቀን ቆርጦ መዘጋጀት አንድ አይደሉም፤ ቀጥሎ የሚደረገው የሚወሰነው በዚህ ልዩነት ነው። ሁሉም ሰው ሆስፒታል አይወሰድም። የሚያስፈልገው ሳንክት ጎራን ሆስፒታል ወደሚገኘው ድንገተኛ የአእምሮ ሕክምና ይሄዳል። እቤት የሚቆይ ሰው የደኅንነት ዕቅድ ቢኖረው መልካም ነው፤ ሐሳቡ ሲመጣ የሚቀድመው ምልክት፣ ለብቻ የሚያረጋጋው ነገር፣ የሚሄድበት ቦታና የሚያገኘው ሰው፣ ርዳኝ የሚለው ዘመድ፣ የሐኪም ስልክ፣ በመጨረሻም ቤቱን ከአደጋ ማጽዳት። የተራረፈ መድኃኒት በከረጢት ሰብስባችሁ አፖቴክ (መድኃኒት ቤት) መልሱት፤ ይቀበሏችኋል።

ከሆስፒታል ሲወጣ ተሻለው ብላችሁ አትዘናጉ። ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት በጣም አስጊ ናቸው። የቀጠሮው ቀንና የሚያየው ባለሙያ ስም ወረቀት ላይ ሳይጻፍላችሁ ከዎርዱ አትውጡ።

«የመኖሪያ ወረቀቴን ያበላሽብኛል» ለምትሉ፦ ሐኪሙም አስተርጓሚውም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። ጥገኝነት ጠያቂም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ሊዘገይ የማይችል ሕክምና ያገኛል፤ ፈቃድ ለሌላቸው ሕጉ ከጁላይ 2013 ጀምሮ ይሠራል። ጸበል የምትወስዱም ውሰዱ፣ መድኃኒቱን ግን አታስቋርጡ።

የዛሬን ለነገ የማይባል ከሆነ በድንገተኛ አደጋ ስልክ 112 ደውሉ። ፓምን መርጦ ማዘዝ አይቻልም፤ የሚላከውን የሚወስነው ስልኩን ያነሳው ባለሙያ ነው፣ አንዳንዴም መደበኛ አምቡላንስ ወይም ፖሊስ ይመጣል። ስለዚህ የምትናገሩት ወሳኝ ነው። «አሞታል» ብቻ አትበሉ። ራሱን ሊያጠፋ እንደሚችል፣ ዛሬ ማታ አስቦ እንደሆነ፣ ጠጥቶ እንደሆነ፣ ብቻውን እንደሆነ በግልጽ ተናገሩ። ስዊድንኛው ከከበዳችሁ «ቶልክ፣ አምሃሪስካ» (አስተርጓሚ፣ አማርኛ) በሉ። እስኪመጡ ሰውዬውን ለብቻው አትተዉ። አስቸኳይ ካልሆነ የጤና ምክር ስልኩ 1177 አለ። ማይንድ የተባለው ማኅበር የከፈተው ራስን የማጥፋት መከላከያ ስልክ 90101 ሌት ተቀን ክፍት ነው፤ ስም አይጠየቅም። ልጆች 116 111 ደውለው ብሪስ የተባለውን የሕፃናት ረዳት ድርጅት ያገኛሉ።

እባካችሁ አንድ ሰው ደግሞ ታች ወርዶ በር ላይ ይጠብቃቸው። የሕንፃው በር ኮድ ስላልተነገራቸው ብቻ ብርድ ላይ ቆመው ደቂቃ ይባክናል። ኮዱን ለ112 ንገሩ፣ የመወጣጫውንና የፎቁን ቁጥር ጨምሩ፣ በሩን ክፈቱላቸው።