ገመድ አልባ የእሳት ማስጠንቀቂያና የሬዲዮ ሞገድ ጣልቃ ገብነት፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

አዲስ አበባ በሚገኘው ባለ አራት ፎቅ የእንግዳ ማረፊያችን ገመድ አልባ የእሳት ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ካስገጠምን አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ገመድ አልባውን የመረጥነው ሕንፃው አልቆ እንግዳ መቀበል ስለጀመረ፣ ገመድ ለመዘርጋት ኮርኒስና ግድግዳ መቦርቦር ክፍሎቹን ለረጅም ጊዜ ያዘጋብን ስለነበር ነው። ጭስ በመለየት ረገድ ቅሬታ የለኝም። ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ብቻ ጭስ ጠቋሚው በሙቀት ጠቋሚ ተተክቷል።

ረዘም አድርጌ ልጽፍበት የምፈልገው የሬዲዮ ግንኙነቱን ነው። ጠቋሚዎቹ ከመቆጣጠሪያ ሣጥኑ ጋር የሚገናኙት በ868 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሲሆን የሚልኩት ኃይል ከ25 ሚሊዋት አይበልጥም። ሥርዓቱ የተሠራበት የአውሮፓ ደረጃ፣ ኢኤን 54-25፣ የአንድ ጠቋሚ ግንኙነት ሲቋረጥ ሥርዓቱ በ300 ሰከንድ ውስጥ እንዲያውቀው ያስገድዳል። ይህ ግዴታ ለእኔ ከማናቸውም የማሻሻጫ ቃል ይበልጣል፤ ምክንያቱም በገመድ አልባ ሥርዓት ዝምታ ማለት እሳት የለም ማለትም፣ ጠቋሚው አይሰማም ማለትም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን የሚለየው ይህ ክትትል ብቻ ነው።

ከተከላው ጥቂት ወራት በኋላ የመቆጣጠሪያ ሣጥኑ ቢጫ መብራት እየበራ «ግንኙነት ተቋርጧል፣ 3ኛ ፎቅ ኮሪደር» የሚል መልእክት ይመጣ ጀመር። የሻጩ ቴክኒሽያን ባትሪ ቀየረ፤ ቀጥሎም ጠቋሚውን በአዲስ ተካው፤ ችግሩ ግን ቀጠለ። ፍንጩን የሰጠን የመብራት መጥፋት ነው። የሠፈሩ መብራት ሲጠፋ የእኛ ጄኔሬተር ይነሣል፣ የመቆጣጠሪያ ሣጥኑም የራሱ ባትሪ አለው፤ በዚያ ሰዓት የተቋረጠው ግንኙነት ማንም ሳይነካው ይመለስ ነበር፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ እንደገና ይጠፋል። ስለዚህ ምንጩ ከሕንፃችን ውጭ፣ ጄኔሬተር በሌለው ሰው ዘንድ እንደሆነ ተረዳን። ከግድግዳችን አጠገብ ያለ ሱቅ የሞባይል ኔትወርክ ማጉያ ገጥሞ አገኘነው። በ900 ሜጋኸርዝ ባንድ (የሞገድ ክልል) የሚሠራ ሞባይል ወደ አንቴና ማማው የሚልከው ከ880 እስከ 915 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። ማጉያው ያንኑ አጉልቶ ይልካል፤ የውስጥና የውጭ አንቴናዎቹ ተቀራርበው ሲሰቀሉ ደግሞ የራሱን ሞገድ መልሶ እየተቀበለና እያጎላ ያለማቋረጥ ይረጫል። ከ868 ጋር በቁጥር የተለያየ ቢሆንም፣ በቅርብ ርቀት የሚመጣ ኃይለኛ ሞገድ የመቆጣጠሪያ ሣጥኑን መቀበያ ያደነቁረዋል።

ባለሱቁ በቅንነት ተባበረን፤ የውጭ አንቴናውን ወደ ጣሪያው ማዶ አዛወረ፣ የማጉያውንም ጉልበት ቀነሰ። እኛም መቆጣጠሪያ ሣጥኑን ከዚያ ግድግዳ አርቀን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ምልክት የሚያሳልፍ መሣሪያ ጨመርን። ከዚያ ወዲህ መቋረጡ በጣም ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። የዚያ ፎቅ ጠቋሚዎች መልስ እስኪያገኙ መልእክታቸውን ደጋግመው ስለሚልኩ ባትሪያቸው ከሌሎቹ ቀድሞ ደክሟል።

በምርቱ ላይ ያለኝ ዋና ቅሬታ መቆጣጠሪያ ሣጥኑ ለደከመ ባትሪም ለተቋረጠ ግንኙነትም አንድ ዓይነት ድምፅ ማሰማቱ ነው። የሌሊት ሠራተኞቻችን ድምፁን ለምደው፣ ጽሑፉን ሳያነቡ ያጠፉት ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ መልእክት በመዝገብ እንዲጻፍ አድርገናል። ሻጩም የሞገድ ልኬቱን ያደረገው በተከላው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤት ምን እንደሚሰቅል ማንም አያውቅም። ለመግዛት የምታስቡ ሰዎች ልኬቱ በተለያየ ሰዓት፣ ምሽትንም ጨምሮ፣ እንዲደረግ፣ በየስድስት ወሩም እንዲደገም በውሉ ላይ አስጽፉ።

ለመኝታ ክፍሎችና ለኮሪደሮች ይህንኑ ሥርዓት አሁንም እመርጣለሁ። እሳት ሊነሣባቸው ይበልጥ የሚችሉትን ወጥ ቤቱንና የጄኔሬተር ክፍሉን ግን በገመድ አስገጥመናል፤ ሁለቱም ምድር ቤት ስለሆኑ ገመዱን ለመዘርጋት አንድም የእንግዳ ክፍል መዝጋት አላስፈለገንም።