ራፓላ ኦሪጅናል ፍሎተር 11 በግልገል ጊቤ፦ የቀዛፊ መንጠቆ

ከባልሳ እንጨት የምትሠራ ማታለያ ዓሣ ናት፤ ርዝመቷ 11 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 6 ግራም፣ ከሆዷና ከጭራዋ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ተንጠልጥሎባታል። ፊንላንዳዊው አጥማጅ ላውሪ ራፓላ እ.ኤ.አ. በ1936 የመጀመሪያዋን የቀረጻት እየቀዘፈ ከጀልባው ኋላ ሊጎትታት ነው። ከጅማ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ወርዶ በመቅዘፊያ ለሚያጠምድ ሰው የምትመቸውም ለዚህ ነው።

በባሕር ማዶ ሳልሞን የሚያጠምዱ በሰዓት ከ2.5 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይጎትታሉ፤ ኮሆ ለሚባለው የሳልሞን ዓይነት ፈጠን፣ ቺኑክ ለሚባለው ዝግ ይላሉ። ጊቤ ሳልሞን የለውም፤ ትንንሽ ዓሣ የሚያሳድደው ትልቁ ባርባስ ግን በዚያው ስልት ይያዛል። ለቆሮሶ ብላችሁ አትግዟት፤ ዋና ምግቡ አልጌ ነው።

ክሩን ከ25 እስከ 30 ሜትር ልቀቁና በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሩ፤ ፍጥነቱን ስልካችሁ ይነግራችኋል። በአንድ ፍጥነት ቀጥ ብሎ መሄድ ግን ትልቁ ስህተት ነው። ከኋላ የሚከተል ዓሣ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው አካሄዷ ሲለወጥ ነውና፣ አምስት ስድስት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ቅዘፉ፣ ከዚያ መቅዘፊያውን ሦስት ሰከንድ አንሱ። የብረት ማንኪያ የሚባለው ማታለያ ጀልባው ሲቆም ይሰምጣል፤ ይህች ወደ ላይ ስለምትንሳፈፍ ጉቶ ካለበት ታመልጣለች። ሁለት ክር ከዘረጋችሁ እየተጠማዘዛችሁ ሂዱ። ጀልባው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የግራው ክር ይፈጥናል፣ የቀኙ ይዘገያል። የተነከሰው የዘገየው ከሆነ ቀዘፋውን ቀንሱ፤ የፈጠነው ከሆነ ጨምሩ።

የዘንጉ ጫፍ መንቀጥቀጥ ካቆመ ሣር ይዛለች ማለት ነው፤ ወዲያው ሰብስቡ። አፍንጫዋ ላይ ከባድ ማያያዣ አትጨምሩ፤ ክሩን ላላ ባለ ቀለበት ቋጠሮ ብቻ እሰሩ፣ አለዚያ መወዛወዟ ይሞታል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች የአፍንጫዋን ሽቦ በፒንሳ በጣም በጥቂቱ ወደ ተቃራኒው አጥፉ። ብዙ ካጠፋችሁት ትበላሻለች።

ድክመቷ፦ የምትጠልቀው ከ1.2 እስከ 1.8 ሜትር ብቻ ነው። ዓሣው ከወረደ ከፊቷ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ትንሽ የእርሳስ ብረት ክሩ ላይ ማሰር ያስፈልጋል። ባልሳ ለስላሳ ስለሆነ ድንጋይ ላይ ስትጋጭ ትሰነጠቃለች፤ ውሃ ከገባባት ሚዛኗ ይዛባል። ክብደቷ ትንሽ ስለሆነም ነፋስ ሲኖር ለመወርወር ታስቸግራለች። በፍጥነት የሚሄድ ሞተር ጀልባ ላላቸው አንመክራትም፤ ትገለበጣለች።

ክረምት ላይ ወንዞቹ ደለል ስለሚያስገቡ ዓሣው አያያትም፤ ግዢውን ውሃው እስኪጠራ፣ ለኅዳር አቆዩት።