አሮጌ ራቭ ፎር ስትገዙ፦ ማኑዋሉ ወይስ አውቶማቲኩ?

ኮዬ ፈጬ ከገባሁ ወዲህ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። "አሮጌ ራቭ ፎር ልገዛ ነው፤ ማኑዋሉን ልውሰድ አውቶማቲኩን?" ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው። ማኑዋሉን ውሰዱ።

የማወራው እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2000 ስለተመረተው ስለ መጀመሪያው ራቭ ፎር ነው። ፎር ዊሉ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የሚሄደው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ይህን ልዩነት የሚያቻችለው የመሃል ዲፈረንሻል ነው። እሱ ባይኖር ደረቅ አስፋልት ላይ ስትታጠፉ መኪናው ይታነቃል። የድሮዋ ሱዙኪ ቪታራ የላትም፤ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አታስገቡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ጭቃ ላይ ግን ይኸው ዲፈረንሻል ጠላት ይሆናል። ኃይሉ ወደ ቀለለው በኩል ይሸሻል። አንዱ ጎማ መረሬ ውስጥ ገብቶ በባዶ ሲሽከረከር ሦስቱ ቆመው ይቀራሉ። ስለዚህ መታሰር አለበት። ሁለቱ የሚለያዩት በአስተሳሰሩ ነው። ማኑዋሉ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቁልፍ ራሳችሁ ትጫናላችሁ፤ የፊቱና የኋላው እኩል ይዞራሉ። አውቶማቲኩ ላይ ካምቢዮው ውስጥ የተደራረቡ ስስ ሳህኖች አሉ። ኮምፒውተሩ እንደሁኔታው በዘይት ግፊት ያጣብቃቸዋል። ጤነኛ ሲሆን ምቾቱ ሌላ ነው፤ ሹፌሩ ምንም ማሰብ የለበትም።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት አውቶማቲኩን ነበር። ከማኑዋሉ 120,000 ብር ጨምሬ። ሁለቱ ጎማዎች አዲስ፣ ሁለቱ ያለቁ ነበሩ፤ ልብ አላልኩም። ያለቀ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከአዲሱ ቶሎ ቶሎ ይዞራል። ስለዚህ ቀጥ ባለ መንገድ እንኳ ሳህኖቹ እረፍት የላቸውም። በዚያ ላይ የካምቢዮ ዘይት ስቀይር በሊትር 400 ብር የቀነሰውን ገዛሁ። ጣሳው ኦሪጅናል ይመስላል፣ ማሸጊያውም ያው ነው። 4 ሊትር ስገዛ 1,600 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ወር ወደ ግቢ ስታጠፍ መኪናው ያንገጫግጨኝ ጀመር። አቃቂ ያሉ ሽማግሌ መካኒክ ዘይቱን አወረዱት። በሁለት ጣታቸው አሽተው አስሸተቱኝ። ጠቁሯል፣ እንዳረረ ምጣድ ይሸታል፣ ጣታቸው ላይ ደቃቅ ጥቁር ዱቄት ቀረ። "ልጄ፣ ሳህኖቹ ናቸው እዚህ ያሉት" አሉኝ። ሳህኑን ለብቻው ሱማሌ ተራ ዞሬ አጣሁት። ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ 190,000 ብር፣ የእጅ 25,000 ብር ተጠየቅኩ። እሱም ዋስትና የለው፤ ሌላ ሰው ምን ዘይት ሲጨምርበት እንደኖረ ማን ያውቃል?

ማኑዋል ያለው ወንድሜ በዚያው ሰሞን ፍሪሲዮኑ አለቀበት። ዲስኩም፣ ፕሬሸሩም፣ የእጁም ተደምሮ 38,000 ብር ጨረሰ። እኔም መኪናዬን ከስሬ ሸጬ ወደ ማኑዋል ዞርኩ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና እንደልብ አይለወጥም፤ ስትገዙ ብዙ ዓመት ልትይዙት ነው። ባትሪ ሲሞትም ማኑዋሉን ገፍታችሁ ታስነሱታላችሁ። ከከተማ ዳር ለሚኖር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቁልፏ ግን ተአምር አትሠራም። ከመሃሉ ሌላ የፊቶቹም የኋላዎቹም ጎማዎች የየራሳቸው ዲፈረንሻል አላቸው፤ እነሱን ቁልፏ አታስራቸውም። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ ከተንሸራተተ ታስሮም አይወጣም። ባለፈው ነሐሴ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ እንዲህ ሆኜ ድንጋይ ከጎማው ሥር እየደረደርኩ ነው የወጣሁት። የእኔ ጥፋት ቁልፏን ዘግይቼ መጫኔ ነው። ጭቃው ውስጥ ሳትገቡ በፊት እሰሩት፤ አስፋልት ስትደርሱ ደግሞ ወዲያው ፍቱት።

ለመግዛት ስትሄዱ አራቱንም ጎማዎች እዩ። ስማቸውም ቁጥራቸውም አለቃቀማቸውም አንድ ይሁን። አውቶማቲክ ከሆነ ደረቅ አስፋልት ላይ መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ክብ ሥሩ። ካንገጫገጨ ደላላው "ጎማው ነው" ቢላችሁም መኪናውን ተዉት። ማኑዋሉን ግን ፒስታ ላይ ሞክሩት። ቁልፏን ተጭናችሁ ትንሽ ንዱት፤ መብራቷ ትበራለች። ያኔ መሪውን ስታዞሩ መኪናው ከከበደና ከተጎተተ ይሠራል ማለት ነው። መብራቷ በርታ መኪናው እንደቀድሞው ቀለል ብሎ ከታጠፈ ግን የበራው መብራቱ ብቻ ነው።

ከሥሩም ጎንበስ ብላችሁ እዩ። በፊት ጎማ ብቻ የሚሄድ ራቭ ፎርም አለ። ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ ካላያችሁ የፎር ዊል ዋጋ አትክፈሉ።