ለጥንቸልና ለሃምስተር የሚሆን የራጅ መሣሪያ፦ የቱ ይሻላል?

ክሊኒካችሁ ጥንቸል፣ ጊኒ ፒግና ሃምስተር የሚያክም ከሆነ፣ ራጅ ስትገዙ በፓነሉ (ምስሉን በሚቀበለው ሰሌዳ) ስፋት አትማረኩ። ሰፊ ፓነል ለትልቅ ውሻ ነው። ለእነዚህ ትንንሾች የሚያስፈልገው ፍጥነትና የምስል ጥራት ነው።

ጥንቸል በእረፍት ላይ ሆና እንኳን በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ትተነፍሳለች። ስትደነግጥ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ጨረሩ የሚበራበት ጊዜ ከረዘመ የደረቷ ምስል ይደበዝዛል። ደረቷ ከሆዷ አንጻር ጠባብ ስለሆነ የጤነኛዋም ልብ ትልቅ መስሎ ይታያል። ብዥታ ሲጨመርበት ጤነኛዋን የልብ በሽተኛ ማድረግ ቀላል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ጄኔሬተሩ (ለጨረሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ስንት ሚሊአምፔር እንደሚሰጥ ጠይቁ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ጨረሩ የሚበራበት ጊዜ ያጥራል። በእጅ የሚያዙ ቀላል ማሽኖች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይደክማሉ።

ከምስል መቀበያዎቹ ሲአር (በካሴት የሚሠራው) በዋጋ ይቀላል፤ ግን ለእያንዳንዱ ምስል ካሴቱን አውጥቶ ማንበቢያው ውስጥ መክተት አለ። ዲአር (ምስሉን በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር የሚልክ ፓነል) ምስሉን በሴኮንዶች ያሳያል። የራስ ቅል ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ አምስት አቅጣጫ ይነሳል፤ እንስሳዋም በማደንዘዣ ተኝታለች። አንዱ አቅጣጫ ቢበላሽ በዲአር እዚያው ይታረማል፣ የምትተኛበትም ጊዜ ያጥራል። ለዚህ ብቻ ስል፣ አቅሙ ካለ ዲአሩን እመርጣለሁ።

ጥርስ ላይ ግን እሱም አይበቃም። የጥንቸል 28ቱም ጥርሶች ዕድሜ ልክ ያድጋሉ። የጥርሶቹ ሥር ወደ መንጋጋ አጥንት ወይም ወደ ዓይን ሲገፋ አፍ ከፍቶ ማየት አይጠቅምም። ምስሉ የሚገነባበት አንዱ ነጥብ በተለመደው የዲአር ፓነል ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ነው፤ ነጥቡ ባነሰ ቁጥር ምስሉ ይጠራል። የጥርስ ሴንሰር ግን ወደ 20 ማይክሮን ይወርዳል። 4 ቁጥር የሚባለው የጥርስ ፕሌት (በማንበቢያ የሚነበብ ስስ ሰሌዳ) 57 በ76 ሚሊሜትር ስለሆነ የሃምስተር ራስ ሙሉ በሙሉ ይገባበታል። ሲአር ያላችሁ ሰዎች እሱን ከመጣል የጥርስ መሣሪያ ብትጨምሩበት ይሻላችኋል።

ሲቲ ስካን ለመካከለኛ ጆሮና ለመንጋጋ መግል ከሁሉም ይበልጣል፤ አጥንት በአጥንት ላይ አይደራረብበትም። ግን ብዙ በሽተኛ ለሌለው ክሊኒክ ወጪው አያዋጣም። ወደሚሠራበት ቦታ ላኩ።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ማሽን አይፈታላችሁም። ጥንቸል ትርፍ ካልሲየምን በሽንት ስለምታስወጣ ፊኛዋ ነጥቶ ቢታይ ሁልጊዜ ጠጠር አይደለም። ምልክቷንና ሽንቷን አብራችሁ እዩ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን፦ የውሻ ዳሌ ሳይሆን በዚሁ ማሽን የተነሳ የጥንቸል ራስ ቅል አሳየን በሉት።