ሼርድ ሆስቲንግ ወይስ ቪፒኤስ? ለታካሚ መረጃ የቱ ይሻላል?

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ክሊኒክ ያላት እህቴ የታካሚ ካርዶቿን ከወረቀት ልታላቅቅ ነው። "ሰርቨር ልከራይ፣ ግን የትኛውን?" አለችኝ። የሚቀመጠው የሰው ምርመራ ውጤት ስለሆነ በችኮላ አልመለስኩላትም። ሼርድ ሆስቲንግ አንድ ሰርቨር (ሁሌ ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒውተር) ከሌሎች ጋር መጋራት ነው፤ ቪፒኤስ ደግሞ ከአንድ ሰርቨር ተከፍሎ ለብቻ የሚሰጥ ክፍል።

ዋጋ፦ ሼርድ ይረክሳል።

ቅለት፦ ሼርድ ላይ ሰርቨሩን ማደስና መጠገን የአከራዩ ሥራ ነው። ቪፒኤስ ላይ አብዛኛው የእናንተ ነው።

አደጋ፦ ሼርድ ማለት በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ ነው። የጎረቤት ዌብሳይት ከተሰበረና በመካከል ያለው አጥር ከሳሳ ጣጣው ለእናንተም ይተርፋል። ቪፒኤስ የራሱ በር አለው፤ ቆላፊዎቹ ግን እናንተ ናችሁ። አንዴ አዲስ ሰርቨር ከፍቼ የመግቢያ መዝገቡን ሳይ፣ የጣድኩት ቡና ሳይፈላ "ሩት"፣ "አድሚን" በሚሉ የአስተዳዳሪ ስሞች ሊገቡ የይለፍ ቃል የሚገምቱ ተደርድረዋል። ስለዚህ አጥሩ ይደራረብ። ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግድ ፋየርዎል ይኑር። መግቢያው በይለፍ ቃል ሳይሆን በኤስኤስኤች ቁልፍ (ኮምፒውተራችሁ ላይ በሚቀመጥ የቁልፍ ፋይል) ይሁን። ዳታቤዙ (የካርዶቹ መረጃ የሚከማችበት) ከኢንተርኔት በቀጥታ አይደረስበት። የተመሰጠረ ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ደግሞም አልፎ አልፎ መልሳችሁ ክፈቱት። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አያስተማምንም።

ሕጉም አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016።

ለማን? አድራሻና የሥራ ሰዓት ብቻ ለሚያሳይ ዌብሳይት ሼርድ ይበቃል። ለታካሚ ካርድ፣ በየሳምንቱ የሚከታተል ባለሙያ ካለ ቪፒኤስ። ባለሙያ ከሌለ፣ ዋጋው ቢጨምርም አከራዩ ራሱ የሚያስተዳድረው ቪፒኤስ ይሻላል። እህቴም ወደዚሁ አድልታለች።