በድሬዳዋ ለልጆች ልደት በአየር የሚነፋ መዝለያ ለሚከራዩ፦ የትኛው ለየትኛው ግቢ?

በድሬዳዋ ለልጁ ልደት በአየር የሚነፋ መዝለያ፣ በተለምዶ ጃምፒንግ የሚባለውን፣ ሊከራይ የሚነሣ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው በስልክ የተላከለትን ፎቶ አይቶ ነው። በፎቶ ሲታይ ሰፊው ከጠባቡ፣ ባለ መንሸራተቻው ከተራው፣ ቀለመ ደማቁ ከደብዛዛው የተሻለ ይመስላል። ይሁንና መዝለያው ልጆቹን አስደስቶና በሰላም አጫውቶ መመለሱን የሚወስኑት በፎቶው ላይ የማይታዩት ነገሮች ናቸው፤ የሚተከልበት መሬት፣ የፀሐዩ ግለት፣ ነፋሱ፣ የመብራቱ ሁኔታና አብሮ የሚመጣው ሠራተኛ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ዓይነቶቹን የማነጻጽረው በእነዚህ መለኪያዎች ነው።

በኪራይ ከሚገኙት መካከል ትንሹ ለቤት አገልግሎት ተብሎ የተሠራው ነው። ኦክስፎርድ ከሚባል ቀጭን ጨርቅ የተሰፋ ስለሆነ ተጠቅልሎ በባጃጅ ሊጓዝ ይችላል፣ የሚነፋው ሞተርም የሚወስደው ኃይል ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 6 ዓመት ለሆኑ ሦስት ወይም አራት ሕፃናት፣ ለኮንዶሚኒየም ቅጥር ወይም ለጠባብ ግቢ በቂ ነው። ነገር ግን ስፌቱ በየሳምንቱ ለኪራይ እንዲወጣ ታስቦ አልተሠራምና፣ በብዙ ሰው እጅ የዞረ ከሆነ ከመከራየት በፊት ተነፍቶ ማየት ያስፈልጋል። የ10 ዓመት ልጆች ለሚጠሩበት ልደት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከወፍራም የፒቪሲ ሸራ የሚሠራው ተራ መዝለያ ነው። መካከለኛ የሚባለው 4 ሜትር በ4 ሜትር አካባቢ ሲሆን ክብደቱ 100 ኪሎ ሊጠጋ ስለሚችል ለማጓጓዝ ፒክአፕ ወይም አይሱዙ፣ ለመሸከም ቢያንስ ሁለት ጎልማሶች ይፈልጋል። የተለመደው ሞተሩ 1,100 ዋት ገደማ ነው። በዕድሜና በቁመት የሚመጣጠኑ ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች በአንድ ጊዜ ሊዘሉበት ይችላሉ። በእኔ እምነት ለአብዛኛው የድሬዳዋ ግቢ የሚስማማው ይህ ነው፤ ምክንያቶቹም ወደ ታች ግልጽ ይሆናሉ።

ባለ መንሸራተቻው የልጆችን ዓይን ቶሎ ይስባል፣ ሰልፍ ይዘው ስለሚወጡበትም ብዙ ልጆችን በተራ ያጫውታል። በአንጻሩ ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሞተር ይፈልጋል፣ ከፍታው የሚይዘው ነፋስ ይበልጣል፣ ልጆች ወደ ላይ በሚወጡበትና ወደ ታች በሚወርዱበት በኩል ለየብቻ የሚቆም ሰው ግድ ይላል። ከ20 በላይ ልጆች ለተጠሩበትና ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ዋጋውን ሊያካክስ ይችላል፤ አሥር ልጅ ለተጠራበት ልደት ግን ትርፉ ወጪና ድካም ነው። በውሃ የሚሠራውን መንሸራተቻ የከተማዋ ሙቀት እንዲመኙት ቢያደርግም፣ ውሃና ኤሌክትሪክን በአንድ ቦታ ስለሚያገናኝ፣ ግቢውን ስለሚያጨቀይና ብዙ ውሃ ስለሚፈጅ በመኖሪያ ቤት እንዲተከል አልመክርም።

ጣሪያ ያለውና የሌለው

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት ይኖራሉ። የፒቪሲ ሸራ ፀሐይ ላይ ሲውል ከአየሩ ሙቀት እጅግ በልጦ ይግላል፤ ካልሲ ያላደረገን የልጅ እግር እስከማቃጠል ይደርሳል። ስለዚህ በዚህች ከተማ የጣሪያው ጉዳይ ከቀለሙና ከሥዕሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ነው።

ጣሪያ ያለው መዝለያ ፀሐይን ይከላከላል፣ ነገር ግን ግድግዳው በሙሉ ሸራ ከሆነ አየር አያስገባምና ልጆቹ በላብ ተጠምቀው ይወጣሉ፤ ውስጡ ከውጪው የበለጠ እንደሚሞቅ እጅን አስገብቶ መረዳት ይቻላል። የተሻለው ጣሪያ ኖሮት ጎኖቹ በመረብ የተሠሩ ሲሆኑ ነው፤ መረቡ አየር ከማስገባቱም በላይ ወላጅ ከውጪ ሆኖ እያንዳንዱን ልጅ እንዲያይ ያስችለዋል። ጣሪያ የሌለው ደግሞ አየሩ ነፃ ነው፣ መብራት ቢጠፋ በልጆች ላይ የሚወድቅ ሸራ የለውም፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ሆኖም ጥላ ባለበት ቦታ ወይም ፀሐዩ ከበረደ በኋላ ካልሆነ አያገለግልም።

እንግዲህ ምርጫው ከሰዓቱ ጋር ይያያዛል። ዝግጅቱ ጠዋት ከሆነና እስከ 4 ሰዓት የሚያልቅ ከሆነ፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የሚጀምር ከሆነ፣ ጣሪያ የሌለው መካከለኛ መዝለያ ከሁሉም ይሻላል። በ5 ሰዓትና በ10 ሰዓት መካከል የትኛውንም ዓይነት መከራየት አይገባም፤ ከተማዋ ራሷ በዚያ ሰዓት አረፍ ትላለች፣ ልጆችም ማረፍ አለባቸው። ባለቤቱ ኪራዩን በቀን የሚያስብ ከሆነ፣ በማይጠቅሙ የቀትር ሰዓታት ላለመክፈል የግማሽ ቀን ዋጋ መጠየቅ ተገቢ ነው። ማምሻውን ለሚያደርጉትም በቂ የግቢ መብራት መኖሩ መታሰብ አለበት።

መሬቱና ነፋሱ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ወስዶ መመርመር የሚገባው አተካከሉ ነው። መዝለያ በውስጡ አየር የያዘ ትልቅ ሸራ በመሆኑ በሚገባ ካልታሰረ ነፋስ ያነሣዋል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ታዝማኒያ፣ ዴቨንፖርት ከተማ፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የተተከለን መዝለያ ድንገት የተነሣ አዙሪት ነፋስ ወደ ላይ አንሥቶት ስድስት ልጆች ሞተዋል። አቧራ እያዞረ የሚነሣ ነፋስ ለድሬዳዋ ነዋሪ እንግዳ አይደለም፤ ስለዚህ ይህን ሩቅ አገር የደረሰ ነገር ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም።

ለእነዚህ መጫወቻዎች የወጣው የአውሮፓ መመዘኛ፣ ኢኤን 14960፣ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ካለፈ ማንኛውም መዝለያ ከአገልግሎት ውጪ እንዲሆን ያዝዛል። የነፋስ መለኪያ የሌለው ሰው ትናንሽ ዛፎች ከነግንዳቸው መወዛወዝ ሲጀምሩ ልጆቹን ማስወጣት ይኖርበታል። መዝለያው ቢያንስ ስድስት የማሰሪያ ነጥብ ሊኖረው፣ ሁሉም ሊታሰሩ ይገባል። አራቱን ማዕዘን ብቻ አስሮ «ይበቃል» የሚል አከራይ ካጋጠመ ሌላ መፈለግ ነው።

እዚህ ላይ በግቢ ዓይነቶች መካከል ትልቅ ልዩነት ይመጣል። በከዚራ እንዳሉት አሮጌ ሰፋፊ ግቢዎች ጠንካራ አፈር ባለበት ቦታ፣ 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ወፍራም የብረት ካስማ ወደ ውጪ ጋደል ተደርጎ ሲመታ መዝለያውን ይይዛል። ሲሚንቶ፣ ንጣፍ ወይም ኮብልስቶን በሆነ ግቢ ግን ካስማ አይገባምና በምትኩ ክብደት ያስፈልጋል። የሚመከረው ክብደት ለእያንዳንዱ ማሰሪያ ነጥብ 163 ኪሎ ገደማ ነው፤ ይህ ማለት 50 ኪሎ አሸዋ የያዘ ጆንያ ለአንድ ነጥብ አራት፣ ለስድስት ነጥብ 24 መሆኑ ነው። ስለዚህ የሲሚንቶ ግቢ ያለው ሰው ዋጋ ሲያነጻጽር፣ ጆንያውን ማን እንደሚያመጣ፣ ማን እንደሚሞላና ማን እንደሚያነሣ አስቀድሞ ይጠይቅ። በአንድ ማሰሪያ ላይ አንድ ጆንያ አስቀምጦ መሄድ፣ ወይም ገመዱን በቆመ መኪና ጎማ ማሰር፣ ተገቢ መፍትሔ አይደለም።

ሦስተኛው ቦታ የደቻቱ አሸዋ ነው። ወንዙ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ ስለሆነ ሰፊና ለስላሳ ሜዳ ሆኖ ይታያል። ልቅ አሸዋ ካስማ አይዝም፤ ከዚያም የከፋው፣ ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ በመሆኑ በከተማዋ ሰማይ ላይ ደመና ሳይኖር እንኳ ሊደርስ መቻሉ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በበልግም ሆነ በክረምት በወንዙ ውስጥም ሆነ በዳርቻው ለልጆች ምንም ነገር መተከል የለበትም።

መዝለያው ከመተከሉ በፊት መሬቱ በደንብ መጠረግ አለበት፤ የግራርና የፕሮሶፒስ እሾህ በከተማዋ የማይገባበት ቦታ የለም። ከሥር ሌላ ሸራ የሚያነጥፍ አከራይ ከማያነጥፈው ይመረጣል። ሞተሩም አቧራ እንዳይስብ በንጣፍ ላይ መቀመጥ፣ ዙሪያው በጥቂቱ ውሃ መረጨት፣ ልጆችም እንዳይደርሱበት መከለል አለበት።

መብራትና ጄኔሬተር

መዝለያው ቆሞ የሚቆየው ሞተሩ ሳያቋርጥ አየር ሲሰጠው ነው፤ መብራት ሲጠፋ ወዲያው መርገብ ይጀምራል። ስለዚህ የቤት መብራት ብቻ የሚጠቀም ሰው፣ መብራት በሄደበት ቅጽበት ልጆቹን በእርጋታ የሚያስወጣና የመግቢያውን ሸራ ከፍ አድርጎ የሚይዝ ጎልማሳ ማዘጋጀት አለበት። ጄኔሬተር ለሚከራይ ደግሞ ሞተሩ ሲነሣ ከተጻፈበት ኃይል ሁለትና ሦስት እጥፍ እንደሚስብ ማወቅ ይጠቅማል፤ ለ1,100 ዋት ሞተር 3 ኪሎ ቮልት አምፔር ያህል ጄኔሬተር ያስፈልጋል። አነስተኛውን ይዞ የመጣ አከራይ ርካሽ ዋጋ ሊጠራ ይችላል፣ መሣሪያው ግን በድግሱ መካከል ሊጠፋ ይችላል። ጭሱ ወደ ልጆቹ እንዳይሄድ ጄኔሬተሩ ከነፋሱ አቅጣጫ በታች ይቀመጥ። ማራዘሚያው ወፍራም ሽቦ ያለው፣ ጥቅሉም ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ መሆን አለበት፤ ተጠቅልሎ የሚሠራ ማራዘሚያ ይግላል።

ከሠራተኛ ጋር ወይስ ያለ ሠራተኛ

አንዳንድ አከራይ ተክሎ ይሄድና ማታ ይመለሳል፤ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው የሚቆም ሠራተኛ ይሰጣል። የዋጋ ልዩነት ቢኖርም ሁለተኛው ይመረጥ። በአሜሪካ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት፣ በ2010 በእነዚህ መጫወቻዎች ተጎድተው ወደ ድንገተኛ ክፍል የተወሰዱ ልጆች በአማካይ በቀን 31 ነበሩ፤ ብዙው ጉዳት ስብራትና ወለምታ ሲሆን መንስኤው በአብዛኛው መውደቅና እርስ በርስ መጋጨት ነው። ይህን የሚከላከለው ትልልቆቹን ከትንንሾቹ ለይቶ በተራ የሚያስገባ፣ ጫማ፣ የጆሮ ጌጥና የፀጉር ማስያዣ የሚያስወልቅ፣ ግድግዳው ላይ የሚንጠላጠለውን የሚያወርድ ሰው ብቻ ነው። እናት እንግዳ ስታስተናግድ፣ አባት ሰው ሲቀበል ይህን ሊሠሩ አይችሉም። ሠራተኛ ካልተገኘ፣ ከዘመድ አንድ ጎልማሳ ይህን ብቻ እንዲሠራ መመደብ አለበት፤ የ13 ዓመት ታላቅ እህት ለዚህ አትበቃም።

ሐረር ላይ ከሆነ

ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የሙቀቱ ጉዳይ ቀለል ይላል፣ የቀኑም ሰዓት ያን ያህል አያስጨንቅም። በጁገል ውስጥ ግን መንገዱ ጠባብ፣ የቤቱም ግቢ ትንሽ ነውና 100 ኪሎ የሚሆን ጥቅል ሸራ ከበሩ እስከ ቤት በሰው ትከሻ መድረስ አለበት። እዚያ ትንሹን የጨርቅ መዝለያ መከራየት፣ ወይም ዝግጅቱን ከግንቡ ውጪ ሰፊ ግቢ ወዳለው ዘመድ ቤት መውሰድ ይሻላል። ከድሬዳዋ የሚያስመጣ ሰው በደንገጎ በኩል ያለውን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ደርሶ መልስ እንደሚከፍል ይወቅ፤ ታኅሣሥ 19 ቀን ለሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሰሞን ደግሞ መኪና ስለሚወደድ ቀኑን ማሸጋገር ይመረጣል።

ዋጋ ሲነጻጸር

ሁለት አከራዮች የተለያየ ዋጋ ሲጠሩ፣ ርካሹ ትራንስፖርቱን፣ ተሸካሚውን፣ ጄኔሬተሩንና ነዳጁን፣ ሠራተኛውንም ያላካተተ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዋጋው ሁሉንም ደምሮ ይነገር፣ ከቀብድ በፊትም በጽሑፍ ይስፈር። ነፋስ ወይም ዝናብ መጥቶ መዝለያው ቢቆም ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይቀየራል የሚለውም እዚያው ይጻፍ፤ ይህን በግልጽ የማይመልስ አከራይ ነፋስ ሲነሣ «ምንም አይደለም» ለማለት ይገፋፋል። የመዝለያው ታርጋ ላይ ስንት ልጅ፣ እስከ ምን ቁመት እንደሚይዝ የተጻፈውን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክም ይጠየቅ።

መያዣ ከተጠየቀ፣ ሸራው ሲዘረጋና ሲነፋ ከሠራተኛው ጋር ዞሮ የተቀደደውን፣ የተለጠፈውንና የቆሸሸውን በስልክ ፎቶ መያዝ ያስፈልጋል። ከቆርቆሮ የሚረጨው የልደት አረፋና ክር የፒቪሲ ቀለም ስለሚያበላሽ ከመዝለያው አካባቢ ይራቅ፤ ማታ ሲመለስ ከመያዣው ላይ ሊቆረጥበት ይችላል።