ምስጋና፦ ቢሾፍቱ ላለው የቴኒስ ሜዳ ልጅ

እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። የሚጽፉትንም “ተከፍሏቸው ነው” እያልኩ አልፋቸው ነበር። ይህን ግን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ማንም አልከፈለኝም። እንደውም እኔ ነኝ ከፍዬ የመጣሁት፣ ያውም ደስ ብሎኝ።

ነገሩ የአባቴ ነገር ነው። 67 ዓመቱ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከቤት የሚያወጣው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። ተዝካሯ ከወጣ በኋላማ እሱንም ቀነሰ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ድምፁን ዘግቶ፣ ቴሌቪዥን ላይ ቴኒስ ያያል። አንዳንዴ “ናዳል እኮ ሮላን ጋሮስን 14 ጊዜ ነው የወሰደው” ይለኛል። እኔም “እሺ አባዬ” እያልኩ ስልኬን እነካካለሁ። ለምን ኳስ እንደማያይ፣ ለምን ቴኒስ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ቀን ግን “ይህን ያህል ከወደደው ለምን ሜዳው ያለበት አልወስደውም?” አልኩ። መከራዬ ከዚያ ጀመረ።

መጀመሪያ የሄድነው ስመ ጥር የሚባል ሪዞርት ነው። ስሙን አልጠራም፣ ከተማውንም አልጠራም። ፎቶው ላይ አረንጓዴ ሜዳ፣ ነጭ መስመር፣ የተወጠረ መረብ አለ። ስንደርስ ሜዳው ላይ የሰርግ ድንኳን ተተክሏል። ጄኔሬተሩ መሃል ላይ ይጮሃል። “ሜዳው ለዛሬ ተይዟል” አለችኝ እንግዳ ተቀባይዋ። ስንይዝ ለምን አልነገራችሁንም ስላት “የኔ እህት፣ ፑሉ ክፍት ነው” አለችኝ። ማታ የማናውቃቸውን ሙሽሮች ዘፈን ስንሰማ አደርን። ጠዋት ሂሳቡ ሲመጣ 15 በመቶ ቫት፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ተደርቦበታል። የምን ሰርቪስ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሁለተኛው ይባስ። እዚያ ሜዳውም አለ፣ አሰልጣኙም አለ። አሰልጣኙ አባቴን ከላይ እስከ ታች፣ ከዘራው ድረስ ቃኘውና ወደ እኔ ዞሮ “ለፋዘር ዎክ ማድረግ ይሻላቸዋል” አለኝ። አባቴ እኮ አጠገቤ ቆሟል! ጆሮው ደህና ነው! የአንድ ሰዓት ቅድሚያ ከፍያለሁ ብዬ ድርቅ ስል ሁለት ክሩ የተበጠሰ ራኬት አመጣ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ “ሌላ ጌስት መጥቷል” ብሎ አስወጣን። መኪና ውስጥ አባቴ አንዲት ነገር ብቻ ነው ያለው። “ልጄ፣ ቤቴ ይሻለኛል።”

አንጀቴን በላው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ስለ ቴኒስ አላነሳሁበትም።

ሦስተኛውን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቢሾፍቱ፣ በባቦጋያ ሐይቅ በኩል። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ ከተማዋ እንደሆነ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ትንሽ ቦታ ነው። ስምንት ክፍል፣ አንዲት ቀይ አፈር የለበሰች ሜዳ፣ ጥላው የሰፋ ዋርካ። ባለቤቷ ነጠላዋን አጣፍታ ራሷ ቡና ታቀርባለች። ዓርብ ስለነበር ሳንነግራት የጾም ነው ያዘጋጀችው። ሽሮው ግሩም ነበር፣ ግን ስለ ሽሮ አይደለም የምጽፈው።

ስለ ልጁ ነው።

ልጁ 25 ዓመት ቢሆነው ነው። ያሠለጥናልም፣ ሜዳውንም የሚንከባከበው እሱ ነው። እኛ ስንደርስ ሁለት ሕፃናትን ያጫውታል። አባቴ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። “ልግባ” አላለም፣ ከሁለተኛው ቦታ በኋላ ማን ይላል? አንዲት ኳስ በአጥሩ ሥር ሾልካ ተንከባላ እግሩ ጋ መጣች።

አሁን የምነግራችሁን በዓይኔ ነው ያየሁት። አባቴ አላጎነበሰም፣ ጉልበቱ እሺ አይለውም። ኳሷን በጫማው ጎንና በከዘራው መሃል ቆነጠጣት። እግሩን ከፍ ሲያደርግ ኳሷ ብድግ አለች፣ መሬት ነካችና ስትነጥር እጁ ውስጥ ገባች። በጣቶቹ ጫን ጫን አደረጋት። ከዚያ ከአጥሩ በላይ ወረወራት። አንዴ ነጥራ፣ ልክ ልጁ መዳፍ ላይ።

ልጁ ኳሷን እንደያዘ ዝም ብሎ አየውና “ጋሼ፣ ኳስ አቀባይ ነበሩ አይደል?” አለው።

“በምን አወቅክ?”

“እኔም ነበርኩ።”

እኔ 34 ዓመቴ ነው። የአባቴ ልጅ ነኝ። ይህን አላውቅም ነበር! አባቴ የወንጂ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ። ጥርሱም ይመሰክራል፣ በአካባቢው ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛ የዚያ ዘመን ልጆች ጥርስ ቡናማ ነው። አያቴ ሸንኮራ ቆራጭ እንደነበሩም አውቃለሁ። ሌላውን ግን ያን ቀን ዋርካው ሥር ለልጁ ሲያወራ ነው የሰማሁት። ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ፣ ሆላንዶቹም የቴኒስ ሜዳ ነበራቸው። አባቴ ከ10 ዓመቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ ኳስ ያቀብላቸው ነበር። ደመወዙ ሳንቲም ነው። ፀጉሩ ያለቀ ኳስ ሲሰጡት ደግሞ የበዓል ያህል ነበር። ራኬት የሚይዘው እነሱ ምሳ ሲበሉ ብቻ ነው። በ1967 ፋብሪካው ሲወረስ ሆላንዶቹ ሄዱ፣ እሱም አዲስ አበባ ገባ። አበቃ። ሃምሳ ዓመት።

ልጁ ይህን ሁሉ ሲሰማ ስልኩን አላየም። ከዚያ “ስንት ቁጥር ነው የሚያደርጉት?” ብሎ ጠየቀው። በቆዳ ጫማ ሜዳው ላይ አይገባም፣ አፈሩን ይቆፍራል። እየሮጠ ሄደና የራሱን ሸራ ጫማ ይዞ መጣ። ትንሽ ይሰፋ ነበር። “ካልሲ ይደርቡበት ጋሼ” አለና ተንበርክኮ ክሩን ማሰር ጀመረ። አባቴ “ተው ልጄ፣ ተው እንጂ” ይላል። ልጁ ቀና ሳይል “አባቴ ቢሆኑስ” አለው።

እኔ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ።

አጨዋወቱን ልግለጽላችሁ ብል አልችልም። ስለ ራኬቱ ክር መጥበቅና መላላት ብዙ አስረድቶኝ ነበር፣ አንዱም ጭንቅላቴ ውስጥ የለም። ያየሁት አንድ ነገር ነው። እያንዳንዷን ኳስ አባቴ እጅ ላይ ያስቀምጥለታል። አንድ እርምጃ፣ ቢበዛ ሁለት። አላስሮጠውም። ግን ደግሞ እንደ ሕፃን “ጎበዝ! ጎበዝ!” አላለውም። ስትወጣ “ረዘመች ጋሼ” ይለዋል፣ ስትገባ ዝም ብሎ ይመልስለታል። አባቴ ኳሶቹ ከመስመር ሲያልፉበት ተናደደና “ወንጂ እንዲህ አትበርም ነበር” አለ። ልጁ ሳቀ። “ልክ ነዎት። ወንጂ ወደ 1,500 ሜትር ነው፣ እኛ 1,900 አካባቢ ነን። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ኳስ ይበራል።” አባቴ ወደ እኔ ዞሮ “ሰማሽ? የኔ ጥፋት አይደለም” አለኝ። እንዲህ ሲቀልድ ከሰማሁት ዓመት አልፎታል።

ሂሳብ ስጠይቀው የግማሽ ሰዓት ብቻ አስከፈለኝ። ሜዳው ጋ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይተናል። ስጠይቀው “ሌላው ወሬ ነው፣ ወሬ አይከፈልበትም” አለ። ያኛውን “ሌላ ጌስት መጥቷል” ባዩን አስታወስኩትና ደሜ ፈላ።

ግን ዋናው በማግስቱ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስነቃ የአባቴ አልጋ ባዶ ነው። ደነገጥኩ። በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ሜዳው ላይ ነበሩ። ልጁ በጎማ ውሃ ያርከፈክፋል። አባቴ ደግሞ ወገቡን በገመድ አስሮ፣ ከኋላው የረጠበ ጆንያ እየጎተተ፣ አፈሩን ያስተካክላል። ከዳር ጀምሮ ክብ እየሠራ ወደ መሃል። ከዘራው አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ሁለቱም አያወሩም። ሲጨርስ መጥረጊያ ተቀብሎ መስመሮቹን አንድ በአንድ ጠረገ። “በእንግዳ ታሠራለህ እንዴ?” ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ደግነቱ አላልኩም። ለካ ልጁ ማታውኑ “ጠዋት ያግዙኛል ጋሼ?” ብሎት ኖሯል። በዓመቱ ውስጥ አባቴን “አግዘኝ” ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው። እኛ ሁላችንም “አንተ ተቀመጥ” ነበር የምንለው።

ፍጹም ቦታ ነው አልላችሁም። ሙቅ ውሃው ሲያሻው ነው የሚመጣው። ዋይፋይ አለ ይባላል፣ እኔ አላገኘሁትም። ክፍሎቹ ቀላል ናቸው። ቅዳሜና እሁድ ይሞላል፣ ሜዳው ደግሞ አንድ ስለሆነ ደውላችሁ ካልያዛችሁ ዋርካው ሥር ቁጭ ብላችሁ ነው የምትመለሱት። ዋጋውን አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይገኝም። እኛ ግን ከከፈልነው ሦስት ቦታ ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር።

እስካሁን አራት ጊዜ ሄደናል። ልጁ ስሜን አደባባይ ላይ አታውጪው ስላለኝ ስሙንም ቦታውንም እዚህ አልጽፍም፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ግን እልካለሁ። እባካችሁ ሂዱ። ልጆቻችሁን ውሰዱ። ቤት የተቀመጡ አባትና እናት ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉ። ጫማችሁ ሶሉ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ተረከዝ ያለው አያስገባም፣ እኔን አላስገባኝም። ልጁን ስታገኙት “የጋሼ ልጅ ናት የላከችን” በሉት፣ ያውቃል።

ፎቶ አለኝ፣ አባቴ ግን እንዳልለጥፍ ከልክሎኛል። ቁምጣው አላማረበትም አሉ።